ታርቀናል

በጥብቅና ዘመኔ ያልሰማሁት ሰበብ የለም ስል፣ ቧንቧ ሠራተኛው ቢሮዬ መጥቶ «ታርቀናል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱና ታናሽ ወንድሙ፣ ልብስ ሰፊው፣ በአባታቸው ቤት ተጣልተው ታላቅየው ታናሹን ከደረጃ ላይ ገፈተረው። ክንዱ ተሰበረ። ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ፈረደበትና ወንድሙ ቤት ድርሽ እንዳይል አስጠንቅቆ በገደብ ለቀቀው። ድርሽ ካለ እስር ቤት ይገባል። ታዲያ አንድ ጠዋት የገደብ ተቆጣጣሪው የተጎዳውን ሰው ደህንነት ሊጠይቅ ሄዶ ቢያንኳኳ፣ በሩን የከፈተለት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ቧንቧ ሠራተኛው። ደግሞ «ግባ፣ ቁጭ በል» ብሎታል።

«ወንድሜ፣ ዳኛዋ አትሂድ አላሉህም?» አልኩት።

«ያኔ ተጣልተን ነበራ፣ እህቴ። አሁን ታርቀናል እኮ።»

«ለፍርድ ቤቱ ነገራችሁ?»

«የወንድማማች ነገር ምኑ ይነገራል?»

ደሜ ፈላ። ተቃቅፈው ሲላቀሱ የዳኛዋ ትእዛዝም አብሮ የቀረ መስሏቸዋል። ትእዛዙን ማንሳት የሚችሉት ዳኛዋ ብቻ እንደሆኑ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስረዳሁት። አንገቱን ደፍቶ «ገባኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ከወንድሙ ቤት እግሩን ሰበሰበ። እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

በቀጠሮው ቀን ልብስ ሰፊው ሊመሰክር መጣ። አለባበሱ ሙያውን የሚያሳፍር ነበር። ሸሚዙ እስከ ሆዱ ተከፍቶ በኮት ሸፍኖታል፤ የጫማው ክር መሬት ይጠርጋል።

«ፍርድ ቤት እኮ ነው፤ ምናለ ብትቆልፈው?» ብዬ ተቆጣሁት። ኮቱን ሰብሰብ አደረገ። «በል ስማ። ታርቀናል፣ ቅሬታ የለኝም ትላለህ፣ ትቀመጣለህ። ሌላ ነገር እንዳትቀባጥር።»

«እሺ» አለ።

ቀባጠረ። ዐቃቤ ሕጉ «ቤትህ የመጣው ያን ቀን ብቻ ነው?» ቢለው ፊቱ በራ። «ኧረ በየቀኑ ነበር የሚመጣው። ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ሳይገባ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዐቃቤ ሕጉ «ጨርሻለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ቧንቧ ሠራተኛው ዐይኑን ጨፈነ።

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ጠዋት ጠዋት ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

ልብስ ሰፊው አቀረቀረ። «ሊያለብሰኝ፣ ክብርት ዳኛ። ብቻዬን ነው የምኖረው። ይሄ እጄ ከተሰበረ ወዲህ አይታዘዝልኝም፤ መርፌም ቁልፍም አይዝም። የሚቆልፍልኝ ወንድምጋሼ ነው። እሱ መምጣት ካቆመ ጀምሮ እንዲህ ሆኜ ነው የምወጣው።» ኮቱን ገለጠው።

እኔ ወለሉን አየሁ።

ዳኛዋ መጀመሪያ ሁለቱንም ተቆጧቸው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ በእርቅ አይቀርም፤ ስትታረቁ መጥታችሁ ንገሩን አሉ። ከዚያ እስሩ ቀርቶ ገደቡ እንዲቀጥል፣ ወንድሙ ቤት አይሂድ የሚለው ግን እንዲነሳ አዘዙ።

ኮሪደሩ ላይ ብወጣ ቧንቧ ሠራተኛው ወንድሙን ግድግዳ አስደግፎ፣ ከታች ወደ ላይ ይቆልፍለታል። «ከሳህ» ይለዋል። ልብስ ሰፊው አገጩን ቀና አድርጎ ቆሟል። ጎንበስ አልኩና የጫማውን ክር አሰርኩለት።

«እኛም ታረቅን ማለት ነው?» አለኝ ከላይ።

«አዎ» አልኩት። «ለፍርድ ቤቱ ግን መንገር አለብን።»