ለእልልታ የሚበቃ ትንፋሽ

ወይዘሮ ዘርፌ በሾላ ገበያ በርበሬ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። በሰፈሩ ግን ከበርበሬያቸው ይልቅ እልልታቸው ይታወቃል፤ እሳቸው እልል ሳይሉላት የተዳረች ሙሽራ የለችም። አሁን የራሳቸው አንዲት ልጅ ብሩክታይት ልትዳር ስትል ግን ትንፋሻቸው ከዳቸው። ጓዳ ገብተው ቢሞክሩት እልልታው መሃል ላይ ተቆርጦ በሳል አለቀ። የሄዱበት ሐኪምም ሳንባዎ ደህና ነው፣ አተነፋፈስዎን ይለማመዱ ብሎ ሸኛቸው።

ብሩክታይት አዘነችላቸው። «እማ፣ አትጨነቂ። እትዬ ለተብርሃን እልል ይሉልኛል» አለች። እትዬ ለተብርሃን ጎረቤታቸው ናቸው።

ለደግ ነበር ያለችው። እናቷን ግን ውስጣቸው ድረስ ዘልቆ ወጋቸው።

«የገዛ ልጄን በሰው እልልታ አልድርም» አሉና ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ለጀማሪዎች አተነፋፈስ የምታስተምር ዊንታ የምትባል ወጣት ዘንድ ሄዱ። የገበያ ጓደኞቻቸው ትንፋሽም ትምህርት ቤት ገባ ወይ እያሉ ሳቁባቸው። ይሳቁ።

«እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ» አለች ዊንታ። «በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሳትጨናነቁ ትንሽ ያዙት። ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደምታበርዱ አድርጋችሁ በአፋችሁ ልቀቁት።»

ያዙት ሲባል ወይዘሮ ዘርፌ ደስ አላቸው። ይህንን እንኳ ማንም አያስተምራቸውም፤ በርበሬ በተነፋ ቁጥር ትንፋሻቸውን ይዘው ነው ያረጁት። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጫን አድርገው፣ ትከሻቸውን ጆሯቸው ድረስ ሰቅለው ያዙ። ሌላው ሰው ለቆ፣ ስቦ፣ ደግሞ ሲለቅ እሳቸው እንደያዙ ናቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ፊታቸውም የሚሸጡትን በርበሬ መሰለ።

«ማዘር፣ ይልቀቁት እንጂ» ብላ ዊንታ አጠገባቸው ተንበረከከች። «ውድድር እኮ አይደለም።»

«በርበሬ እየተነፋ ቢሆን ኖሮ እናንተ ይሄኔ አልቃችሁ ነበር» አሏት እያለከለኩ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ዊንታም ስቃ ስታበቃ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋ ዝቅ አደረገችላቸው። «እዚህ በርበሬ የለም። የሚሸሹት ነገር የለም። ሳይከብድዎት በፊት ይልቀቁት።»

ወይዘሮ ዘርፌ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው ላይ አነሱ። ለካ ዕድሜ ልካቸውን ትንፋሻቸውን ሲደብቁ ነው የኖሩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው በልባቸው ራሳቸውን ገሠጹና እንደገና ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ቦሌ መድኃኔዓለም ታክሲ ሲጠብቁም፣ ሽንኩርት ሲልጡም እጃቸው ሆዳቸው ላይ ነው፤ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው እፍ ይላሉ። ብሩክታይት ባየቻቸው ቁጥር «እማ፣ ሻዩ አልበረደም?» እያለች ታሾፋለች። እሳቸው ግን ቀን በቀን ትንፋሻቸው ረዘመ፤ አንድ ጠዋት ጓዳ ውስጥ እልል ቢሉ ጎረቤት ማን አገባ ብሎ ጠየቀ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ በወጉ ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት ሳመች፤ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ እልልታውን ጠበቀ። ወይዘሮ ዘርፌ አፋቸውን ከፈቱ። በእልልታው ፈንታ ልቅሶ መጣባቸው። ያ ሁሉ ልምምድ ጠፋቸው፤ ትከሻቸውም ወደ ጆሯቸው ወጣ። እትዬ ለተብርሃን ከኋላ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ብሩክታይት ቀና ብላ አየቻቸው። ከተንበረከከችበት ሳትነሳ እጇን በነጩ ቀሚሷ ላይ፣ ሆዷ ላይ አደረገች። በአፍንጫዋ ሳበች፣ ትንሽ ያዘች፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ እፍ አለች።

«እማ» አለች እንባዋ እየወረደ፣ «ሻዩ አልበረደም?»

ወይዘሮ ዘርፌ ሳቅ አመለጣቸው። ትከሻቸው ወረደ። እጃቸው ሆዳቸውን አገኘ፤ ሳቡ፣ ትንሽ ያዙ፣ ለቀቁት። እልልታው ግቢውን ሞልቶ ውጭ በር ላይ የቆሙትን ሾፌሮች ሁሉ አዞራቸው። እትዬ ለተብርሃን ሊያግዙ ገብተው ትንፋሽ አጥሯቸው ቀድመው አቆሙ። ብሩክታይት እልልታው እስኪያልቅ ድረስ ከእናቷ ጉልበት አልተነሳችም።