የሽንዲዋ ሴትዮ ጉበት

የሕክምና ተማሪዋ ሰብሊ ለልምምድ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስትመደብ፣ የልጅ ልጄ ቤቴ ልታድር ነው ብለው እማማ አደይ ደስ አላቸው። ልጅቱ ግን ማታ ከገባች ወሬዋ ሁሉ ከሽንዲ ስለመጡ አንዲት በሽተኛ ሆነ።

«ዓይናቸው እንደ እርድ ነው እማየ። ዛሬ ሆዳቸውን ዳብሼ ጉበታቸውን ራሴ አገኘሁት።»

«እሰይ። የእኛን ሆድ የሚዳብስ የለም እንጂ» አሉ እማማ አደይ፣ ወጡን ወደ እሷ እየገፉ።

«ሲያዩኝ ‹መጣሽ የኔ ልጅ› ይሉኛል። እኔም እማየ ነው የምላቸው።»

የጠቀለሉትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት። አዝለው ያሳደጓት እሳቸው፣ እማየ የምትባለው የሽንዲ ሴትዮ።

እሳቸውም እኮ ደህና አልነበሩም። ሰውነታቸውን ያሳክካቸዋል፤ ሽንታቸው ጠቁሯል። የወፍ በሽታ ነው ብለው ጅጋ ካለ አዋቂ ቅጠል አስመጥተው ተደብቀው ይጠጣሉ። አዋቂው ለሰው ከተነገረ ይረክሳል ብሏቸዋል። ደግሞ የወፍ በሽተኛ መርፌ ከነካው ይሞታል ሲባል ነው ያደጉት። ስለዚህ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አድርገው ከመብራቱ ርቀው ይቀመጣሉ።

«ምን ሆና ነው ታዲያ ሴትዮሽ?»

«እሱ ነው ያስቸገረን። ቫይረስ የለባቸውም፤ አልትራሳውንዱም የሐሞት ጠጠር አላሳየም። ዛሬ ግን ለእኔ ብቻ ነገሩኝ። ለወፍ በሽታ ብለው ቅጠል ሲጠጡ ከርመዋል። ጉበታቸውን የጎዳው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ዶክተሩ ራሱ አመሰገነኝ።»

ፊቷ በኩራት በራ። ቅጠል ለጠጣች ሴት ይሄ ሁሉ ፍቅር።

«እኔስ ውኃ ነው የምጠጣው?» አሉ እማማ አደይ።

የሰብሊ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። «ምን አሉ?»

«የእኔ ቅጠል ከእሷ ይመራል። ነይ፣ የእኔንም ዳብሺው።»

መብራቱ ሥር አቅርባ ሻሻቸውን ገፋ አደረገች። የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኗል። አጋደመቻቸው። «አየር ይሳቡ እማየ» አለች፤ በቀኝ ጎድናቸው ሥር ጣቶቿ ተንቀጠቀጡ።

«ለሷም እንዲህ እጅሽ ይንቀጠቀጣል?»

«ኧረ አይንቀጠቀጥም» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ይሄን ሲሰሙ ልባቸው ትንሽ አረፈ። ቅጠሉን ራሳቸው አውጥተው ሰጧት።

በማግስቱ ሆስፒታል ተኙ፤ ከሁሉም አልጋ የደረሳቸው ከአስካለ ማርያም፣ ከሽንዲዋ ሴትዮ ጎን ነው። ሰብሊ ደም ልትቀዳ መርፌ ይዛ ገባች።

«መጣሽ የኔ ልጅ» አሉ አስካለ ማርያም።

መርፌ እንደ ሞት የሚፈሩት እማማ አደይ እጃቸውን ቀድመው ዘረጉ።

«ከእኔ ጀምሪ» አሉ።