ከእቶኑ አፍ የተነሳችው ቆርቆሮ

ልጅ ያሳደገ ሰው ይፈራል፤ የልጅ ልጅ የሚያሳድግ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ነው። የሰፈሩ ሰው «እማማ ተጠንቀቁ» እያለ የሚጠራቸው አሮጊት ለዚህ ምስክር ናቸው። ድመት አጥር ስትዘል እንኳ «ቀስ በይ!» ይሏታል እየተባለ ይሳቅባቸዋል። ይሳቅ፤ የሳቀ ሁሉ ልጅ አልጠበቀላቸውም።

የሚጠብቁት የልጃቸውን ልጅ፣ ፌንጣን ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ቅጽል ስሙን ያወጡላት ራሳቸው ናቸው። ያን ሰሞን ልቧን የወሰደው የቆርቆሮ ፍለጋ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ልጆች የከተማቸውን ታሪክ በእግራቸው እየዞሩ እንዲማሩ ብላ፣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ የቆርቆሮ ጣሳዎች በየአሮጌው ቦታ ደብቃለች፤ አንዷን ሥራ ባቆመው ባቡር ጣቢያ፣ አንዷን በወፍጮው ድልድይ ሥር፣ የመጨረሻዋን በተዘጋው የጡብ ፋብሪካ። ስልክ ላይ ያለች ቀስት ቦታውን ትጠቁማለች። ቆርቆሮዋን ያገኘ ልጅ ውስጧ ያለውን የቦታውን ታሪክ ያነብና እዚያው ይመልሳታል።

አሮጊቷ ጨዋታውን አልጠሉትም፤ የጠሉት የጡብ ፋብሪካውን ነው። ሟች ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚያ ጡብ ሲደረድሩ ነው። ጡቡ የሚበስልበት እቶን እንደ ዋሻ ወደ ውስጥ የሚሄድ፣ በቅስት በቅስት የተከፈለ፣ ጣሪያው ያረጀ መሆኑን ያውቃሉ።

«አብሬሽ ልሂድ» ቢሏት፣

«ሙች እማማ፣ አይሆንም! እኔ የምሄደው ፍለጋ ነው፤ አንቺ ካለሽ ለቅሶ ነው የሚመስለው» አለቻቸው።

ስለዚህ ዓርብ ዕለት ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ ቀደሟት። አጥሩ ከወደቀ ቆይቷል፤ ገቡ። ቆርቆሮዋ እቶኑ አፍ ላይ፣ የመጀመሪያው ቅስት ግድግዳ ውስጥ ተሸጉጣ ነበር። አወጧትና በመንገዱ ዳር፣ ከፋብሪካው በር ሥር ድንጋይ ጫኑባት። «በሩ ላይ ታገኛታለች፣ ውስጥ አትረግጥም» አሉና እፎይ ብለው ተመለሱ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ፌንጣ ወጣች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አልተመለሰችም። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። አሮጊቷ ነጠላ ጫማቸውን እንዳጠለቁ ወደ ፋብሪካው በር ሮጡ። ድንጋዩ እንደነበረ ነው፤ ቆርቆሮዋም ከሥሩ። «እዚህ አልደረሰችም ማለት ነው» አሉ። ሐሳባቸው ወዲያው በወፍጮው ድልድይ ሥር ወዳለው ወንዝ ሄደ። ወደ ድልድዩ ሮጡ፣ ውሃውን እያዩ ስሟን ጠሩ፣ ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ጠየቁ። ያያት የለም። ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱ ደረሱ።

ሠራተኛዋ በር ልትቆልፍ ነበር። «እማማ፣ ይቀመጡ እስቲ። ድልድዩን ጨርሳለች፤ ማግኘቷ ስልኬ ላይ ገብቶልኛል። የቀራት ጡብ ፋብሪካው ነው።»

«እዚያስ አልደረሰችም! ቆርቆሮዋ ከበሩ ሥር አልተነካችም።»

«ከበሩ ሥር? እኔ በር ሥር አላስቀመጥኩም። ማን ወሰዳት?»

«እኔ ነኛ። ወደ ውስጥ እንዳትገባብኝ ብዬ።»

የሠራተኛዋ ፊት ተለወጠ። «እማማ… ስልኩ እኮ ቆርቆሮዋን አያውቅም። የሚያውቀው ቦታውን ነው። እቶኑ አፍ ላይ ያስቀመጥኳት ማንም ከዚያ እንዳያልፍ ብዬ ነበር። እዚያ ደርሳ ካጣቻት…»

«ትፈልጋለች» አሉ አሮጊቷ። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰላቸው። «የእኔ ልጅ አጥታ አትመለስም። ወደ ውስጥ ነው የምትሄደው።»

ሠራተኛዋ እየሮጠች ለእሳት አደጋ ደወለች። አሮጊቷ ግን ቀድመዋት እቶኑ ደርሰው ነበር፤ በዚያ ዕድሜ በምን እግር እንደቀደሟት እግዜር ይወቅ። እቶኑ ውስጥ ሁሉ ነገር አዲስ አቧራ ለብሷል። ሦስተኛው ቅስት ላይ ጣሪያው ወርዶ መንገዱን ዘግቶታል።

«ፌንጣ! ፌንጣዬ!»

የወረደው ጡብ ላይ ጆሯቸውን ለጠፉ።

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ! እኔን ያስቀድመኝ!»

ከክምሩ ጀርባ እንደ ጫጩት የቀጠነ ድምፅ ወጣ። «እማማ?»

እጃቸውን ክምሩ ላይ ጣሉት። ከላይ፣ አንድ በአንድ፤ ከሥር ከመዘዙ ሁሉም ይወርዳል። ጥፍራቸው ተነቀለ፣ አላወቁትም። ክንድ የምታስገባ ክፍተት ስትከፈት እጃቸውን ሰደዱ፤ ትንንሽ ጣቶች ያዟቸው። በረዶ ናቸው።

«እግሬ ሥሩ ነው። መጀመሪያ ያመኝ ነበር፤ አሁን አያመኝም። እንቅልፌ መጣ።»

«አትተኚ! ስሚኝ፤ አያትሽ እዚሁ ነበሩ የሚሠሩት። ጡቡ ሲበስል ይሄ ሁሉ ይቀላ ነበር። ትምህርት ቤትሽም፣ ጣቢያውም ከዚህ በወጣ ጡብ ነው የቆመው። ትሰሚኛለሽ?»

«እ…»

«ፌንጣ!»

ጣቶቿ ላሉ። ታሪኩም፣ ልመናውም አላነቃት አለ። አሮጊቷ ሌላ የሚሉት አጡና አፋቸው ላይ የመጣውን አወጡት።

«ቆርቆሮዋን ያነሳኋት እኔ ነኝ።»

ከክምሩ ጀርባ፣ «ምን?»

«ትናንት መጥቼ አነሳኋት። በር ላይ አደረግኋት።»

«አንቺ?! እኔ ስንት ሰዓት ስፈልግ! ከቦታዋ አትነሳም እኮ፣ ሕግ ነው! ማን ፈቀደልሽ?» ጣቶቿ ጠበቁ፤ ቆነጠጧቸው።

«ማንም አልፈቀደልኝም። ሌላስ? ሌላስ ምን አጠፋሁ?»

«ሁልጊዜ ነው! ትምህርት ቤት ሹራብ ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ጓደኞቼ ፊት! ሻይ አቀዝቅዘሽ ትሰጭኛለሽ! በስድስት ዓመቴ ብስክሌቴን ሸጥሽው!»

«ሸጥኩት። በርቺ፣ ሌላስ?»

እሳት አደጋዎቹ መብራትና የእንጨት ድጋፍ ይዘው ደረሱ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ነካ። «እማማ፣ ቦታ ይልቀቁልን። እጅዎን ያውጡ።»

«አንተ ሥራህን ሥራ» አሉት፣ እንባና አቧራ ፊታቸው ላይ ጭቃ ሆኖ። «በግራዬ በኩል ድጋፍህን አስገባ፤ እጄን ግን አላወጣም። እየተቆጣችኝ ነው። እንዳታቋርጣት።»

ሰውየው በግራቸው ተንበረከከ። የመጀመሪያው እንጨት ከቅስቱ ሥር ገብቶ ያዘ። ከክምሩ ጀርባ ያ ቀጭን ድምፅ፣ «ደግሞ ያቺን ያመጣኋትን ውሻ…» እያለ ቀጠለ።