ለጋቭሪል የሚላክ ስልክ

ካህኑ «ነፍሱን ጻድቃን በሚያርፉበት» እያሉ ሳለ ከቁም ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ ሙዚቃ ተነሣ። ሠርግ ቤት የሚያስገባ ዓይነት ሙዚቃ ነው። ከሙዚቃው ቀጥሎ አንዲት ሴት በለሰለሰ ድምፅ፣ «የዛሬው ኮከብዎ። ዛሬ ከቤት ወጣ ይበሉ። አዳዲስ ሰዎች ይተዋወቃሉ» አለች።

ጋቭሪል ከሞተ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ሃያ ያህል ሰው በመበለቲቱ በአግላያ ሳሎን ሻማ ይዞ ቆሟል። መስተዋቱ በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። ማንም አልሳቀም። ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ሽማግሌ ኤፊም ብቻ ጢሙን ደረቱ ላይ ቀብሮ፣ «ወጥቶ የለ እንዴ፤ ከዚህ በላይ የት ይውጣ» ብሎ አጉተመተመ።

አግላያ መሳቢያውን ከፍታ የባሏን ስልክ በፎጣ ጠቀለለችው። ሴትዮዋ ፎጣው ውስጥ ሆናም ስለ ፍቅርና ስለ ጤና መናገሯን አላቋረጠችም። ስልኩን አጥፍቶ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። አግላያ ግን በየማለዳው ቻርጅ ታደርገዋለች። ባትሪው አልቆ፣ በእጇ ስትይዘው ቀዝቅዞ እንዳታገኘው ትፈራለች።

ሰዉ ተቀምጦ የተቀቀለውን ስንዴ በማንኪያ ሲቀምስ፣ ከፕሪም አረቄው ለሟቹ ተብሎ መሬት ላይ ጠብ ሲደረግ፣ እሷ የምታስበው ስለ አርባው ነበር። በአርባው ቀን ስለ ነፍሱ ተብሎ ለሰው የሚሰጥ ዕቃ ሁሉ እዚያ፣ በወዲያኛው ዓለም፣ ለሟቹ ይደርሳል። የሚደርሰው ደግሞ ሲሰጥ እንደነበረው ሆኖ ነው። አምና ፓራስኪቫ ስለ ባሏ ነፍስ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ሰጥታ፣ ሰውዬው ክረምቱን ሙሉ በሕልሟ እየመጣ «እግሬ ውስጡ ይዋኛል» እያለ ሲያስለቅሳት ከርሟል። አግላያ አልጋውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ኮቱን፣ የሚጠጣበትን ኩባያ አዘጋጅታለች። ኮቱን ሁለቴ አጥባዋለች። ስልኩስ? ከነሴትዮዋ ይላክለት?

በዚያው ሳምንት ጋቭሪል በሕልሟ መጣ። ጭጋግ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በሠራባት የባቡር ማቋረጫ ጎጆ ደጃፍ ተቀምጧል። የመንገዱ መዝጊያ ወርዷል፤ ባቡር ግን የለም። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል። ከስልኩ ውስጥ ባለ ቀለም ትንንሽ ሥዕሎች እንደ ፕሪም አበባ እየረገፉ ጉልበቱ ላይ ይከመራሉ። በእጁ ይጠርጋቸዋል፤ መልሰው ይረግፋሉ። «አግላ» አላት ቀና ሳይል፤ «እነዚህ እኮ አያሳልፉኝም።» እግሯ ቀዝቅዞ ነቃች። ካልሲ ደርባ ተኛች፤ እንቅልፍ ግን አልተመለሰም።

ስልኩ ከከተማ የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። የስልክ ድርጅቱ ልጅ ውል አስፈርሞ፣ ከረሜላ ጨምሮ ሰጠው። ጋቭሪል በአውቶቡሱ ውስጥ ገና ሲከፍተው ሃያ ሦስት አፕ ሞልቶበት አገኘ። ኮከብ ቆጠራ፣ የጫማ ሱቅ፣ ፊኛ የሚያፈነዳ ጨዋታ። አንዱን በጣቱ ተጭኖ ሊያጠፋው ቢል «ይህን ማጥፋት አይቻልም» አለው። ሌላውንም ሞከረ። መልሱ ያው ነው።

«ይህ እንግዳ ኪሴ ውስጥ እየኖረ ውጣ ስለው አይወጣም» አለ።

ዕድሜውን ሙሉ የመንገዱን መዝጊያ ሲያወርድና ሲያነሣ የኖረ ሰው ነው። ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚቆም የሚወስነው እሱ ነበር። ባቡር ባለፈ ቁጥር ደብተሩን አውጥቶ ሰዓቱን፣ የዘገየበትን ደቂቃና የፉርጎውን ቁጥር ይጽፋል። ጡረታ ከወጣ በኋላም በመስኮት እያየ መጻፉን አልተወም። አግላያ «ማን ያነብልሃል?» ስትለው፣ «ባቡሩ አልፏል እኮ፤ ዝም ብሎ ይለፍ?» ይላታል።

ሜሞሪው ሲሞላ የማይወጡትን ትቶ የሚወጡትን ማስወጣት ጀመረ። የፕሪም ለቀማውን ፎቶ አጠፋ። ድመቷን አጠፋ። ካለፈው ፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ደግሞ የአግላያን ሟች እህት የኢሊንካን ፎቶዎች አጠፋ፤ በመጨረሻው በጋዋ የተነሣችውን አሥራ አንዱንም። አግላያ ያወቀችው ለፓራስኪቫ ልታሳይ ስልኩን ስትከፍት ነው።

«እህቴን አባርረህ ለኮከብ ቆጣሪዋ ቦታ ሰጠሃት?» አለችው።

ጋቭሪል ባርኔጣውን አደረገና ወደ ሐዲዱ ሄደ። ሦስት ቀን አላነጋገረችውም። በአራተኛው ቀን ሾርባ አቀረበችለትና ነገሩ በዚያው ተዳፈነ። መስከረም ላይ ፕሪም ሊለቅም ወጥቶ፣ መሰላሉን ተደግፎ እንደተቀመጠ ተገኘ። ለምን እንዳጠፋቸው ሳትጠይቀው ቀረች።

ለአርባው ሁለት ቀን ሲቀረው የክርስትና ልጃቸው ዞይካ ላፕቶፕ በቦርሳ ይዛ መጣች። ባቡር ጣቢያው ጥግ ስልክ የምትጠግን፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናት። ጭጋጉ መስኮቱን ዘግቶት ቤቱ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። አግላያ ቡና በጀበና ሳይሆን እንደ ለመደችው በትንሿ መዳብ ድስት አፈላችላትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እጄን እንዲህ ሲያዩኝ እሳሳታለሁ» አለች ዞይካ።

«አላይሽም። ግን ንገሪኝ፤ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ድርጅቱ ስልኩን ሲሸጥላቸው አንድ ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄዷል። አፖቹ ያሉት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ የሁሉንም ክፍል ቁልፍ እወስድና ጠራርጌ አወጣቸዋለሁ። ሩት ማድረግ ይባላል።»

«ሌብነት አይደለም?»

«የራስን ቤት መክፈት ምን ሌብነት አለው?»

«ፖሊስ ቢመጣስ?»

«አንድ ሳህን ስንዴ ይስጡት፤ ነፍስ ይማር ብሎ ይሄዳል።»

አግላያ ፈገግ ልትል ብላ ተወችው። «ይበላሻል ወይ? እውነቱን።»

«መሐል ላይ ከተቋረጠ ስልኩ ድንጋይ ይሆናል። ድንጋይ ደግሞ ለማንም አይሰጥም።»

ይህን ስትሰማ አግላያ ተነሥታ ማቀዝቀዣውን ነቀለች፤ ውስጡ የአርባው ዓሣ አለ። መብራቱን አጠፋች። የደጁን ደወል ነቀለች። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ደረጃው በጭጋጉ ረጥቦ እንዳያንሸራትታት ግድግዳውን ይዛ ወርዳ፣ አጥሩ ዘንድ ሄዳ ኤፊምን ጠራችው።

«ኤፊም፣ መጋዝህን አትሰካ። መብራት እንዳይሄድብን።»

«እኔ መጋዝ አልያዝኩም። ሾርባ ነው የያዝኩት።»

«ሾርባውንም በእንጨት አሙቀው።»

«ባልሽ በሕይወት እያለ እንዲህ አላስቸገረኝም» አለ ኤፊም፤ ቢሆንም የምድጃውን ሶኬት ሊነቅል ገባ።

ስትመለስ ዞይካ ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አያይዛ ስክሪኑን ትክ ብላ ታያለች።

«እማማ፣ ቁልፉን ስከፍተው ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድሜ ወደ ላፕቶፑ ልገልብጠው ብዬ ነበር። ፎቶ የለም ማለት ይቻላል። ግን ሜሞሪውን የበሉት አፖቹ ብቻ አይደሉም። የድምፅ ቅጂ አለ፤ መቶ አርባ ሁለት።»

«ዘፈን ይሆናል። ድሮ አኮርዲዮን ይወድ ነበር።»

ዞይካ አንዱን ነካችው።

መጀመሪያ የሰው ትንፋሽ ተሰማ። ቀጥሎ የጋቭሪል ድምፅ፣ እንደ ሹክሹክታ፦ «ግንቦት አራት። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ።» ከዚያ ዝምታ። ከዝምታው ውስጥ ሳል መጣ፤ በሌላ ክፍል ሰው ደረቅ እንጨት እየገዘገዘ ያለ የሚመስል ሳል። ይቆማል፤ ደግሞ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ድምፁ ተመለሰ፦ «ስድስት ደቂቃ። ደረቅ።»

ዞይካ ሌላ ነካች። «ግንቦት አምስት። ንጋት ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ከትናንቱ ሦስት ደቂቃ ይበልጣል። ወገቧን ይዛለች።»

«ማን ነው የሚያስለው?» አለች ዞይካ ቀስ ብላ።

«እኔ አላስልም» አለች አግላያ። «ጉሮሮዬን ነው የማጠራው።»

ለእሱም የምትለው ይህንኑ ነበር። የሳንባ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ሲላት ዶሮዎቹን ማን ይመግባል ትላለች። አንድ ጊዜ እጇን ጎትቶ ወስዷት ነበር። ሐኪሙ ፊት ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ አለች። ሐኪሙ ጋቭሪልን አየው፤ ጋቭሪል ባርኔጣውን አየ። ወደ ቤት ሲመለሱ በአውቶቡሱ መስኮት ውጭ ውጭውን እያየ፣ «እንግዲህ ማስረጃ ሲኖር እንመለሳለን» ብሏት ነበር። የቀለደ መስሏት ዘነጋችው።

«የመጨረሻውን ክፈቺው» አለች።

«ነሐሴ ሃያ ስድስት። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት። ዘጠኝ ደቂቃ።» ከዚያ፣ ወደ ስልኩ ይበልጥ ጠጋ ብሎ፦ «ለሐኪሙ ይኸ ይበቃል። ራሷን ከጠየቋት ትክዳለች።»

አግላያ ሲኒውን ከፊቷ ገፋ አደረገች። ቡናው ቀዝቅዟል። «የመጀመሪያው መቼ ነው?» አለች።

ዞይካ ዝርዝሩን ወደ ታች ሳበችው። «ከፋሲካ በኋላ። ማክሰኞ ይላል።»

ማክሰኞ። ኢሊንካ ከስልኩ የወጣችበት ማክሰኞ። እህቷን ያስወጣት ለኮከብ ቆጣሪዋ ብሎ አልነበረም። አጠገቧ ተኝቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እሷን እንደ ባቡር ሲመዘግብ ነበር። ያቺ ሦስት ቀን ሙሉ ያላነጋገረችውም እሷው ናት፤ በዚያ ሦስት ቀን ውስጥም ሳይመዘግብ ያለፈ ንጋት የለም።

«እማማ፣ ትንሽ ውኃ ላምጣ?»

«ተይው። ሥራሽን ሥሪ።»

«ሲጸዳ ቅጂዎቹን መልሼ ላስገባቸው? የእሳቸው ሥራ ነው። ስልኩ ውስጥ ይኑሩ?»

አግላያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዓይኗ ጭጋጉ ላይ ነበር። የማቋረጫዋን ጎጆ አየቻት፤ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ደቂቃ የሚቆጥረውን ሰው አየችው። እዚያ ሐኪም የለ፤ ለማን ሊያሰማ?

«አይሆንም» አለች። «አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፤ ለሐኪሙ ነው ብሏል። ወደ እሱ አይሂድ። እዚያም ተቀምጦ ሲጨነቅልኝ ይኑር? ይበቃዋል። ይረፍ።»

«ለሐኪሙ ከሆነ ሐኪሙ ዘንድ መሄድ አለብዎት እኮ።»

«ሰኞ እሄዳለሁ።»

«የትኛው ሰኞ?»

«የፊታችን። ዶሮዎቹን አንቺ ትመግቢያለሽ። በቆሎውን ሳይደቅቅ አትስጫቸው፤ ያንቃቸዋል።»

ዞይካ ገልብጣ ጨረሰችና ቁልፉን ከፈተችው። ስክሪኑ ጠቆረ። በጥቁሩ ላይ ነጫጭ መስመሮች ሮጡ፤ ማታ የሚያልፍ ባቡር መስኮቶች ይመስላሉ። አግላያ እስኪያልፉ ድረስ አልተነፈሰችም። ስልኩ ሲመለስ አፖቹም አብረው ተመልሰው ነበር፤ አሁን ግን ዞይካ ማስወጣት ትችላለች። አንድ በአንድ ስማቸውን አነበበችላት። የጫማው ሱቅ። «ይሂድ።» የፊኛው ጨዋታ። «ይሂድ።» ኮከብ ቆጣሪዋ ላይ ሲደርሱ አግላያ መነጽሯን አደረገች። «እኔ ልንካው» አለች፤ ነካችውም። ሥዕሏ ጠፋች። ሰዓቱ፣ የአየር ሁኔታው፣ ባትሪ መብራቱና ካሜራው ብቻ ቀሩ። ስክሪኑ ከበረዶ በኋላ ያለ ሜዳ መሰለ።

«ስልክ ቁጥር ላስገባ?»

«የእኔን። ብቻ ለመደወል አይቸኩል።»

በአርባው ቀን ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር። ጠረጴዛው በፕሪም ዛፎቹ መሐል ተዘረጋ። ካህኑ ከባረኩ በኋላ አግላያ ስልኩን፣ በአዲስ ፎጣ ከተጠቀለለ ክብ ዳቦና ከበራ ሻማ ጋር፣ በጠረጴዛው ላይ አሳልፋ ለኤፊም ሰጠችው። ኤፊም የጋቭሪልን ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ልክ ነው።

«ለአንተ በዚህ፣ ለጋቭሪል በዚያ» አለች።

«እግዚአብሔር ይቀበልልሽ» አለ ኤፊም። ሻማውን ለሌላ ሰው አስይዞ ስልኩን አበራው። ስልኩ መጀመሪያ ያወጣው ጽሑፍ ነበር፤ ኤፊም ከዓይኑ አርቆ አነበበው። «የዚህ ስልክ ቁልፍ ተከፍቷል፤ አትመኑት ይላል።»

«በተከፈተ ቁጥር ይለዋል፤ ምንም አይደለም» አለች ዞይካ። አግላያ ግን ይህ ጽሑፍም አብሮ ይሄድበታል ብላ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ተይው፤ እኔንም ማንም አያምነኝም፤ እንስማማለን» አለ ኤፊም። ስክሪኑን እያገላበጠ አየው። «እንዴት ባዶ ነው። እፎይ ያሰኛል። አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ የአንቺ ነው። ጨው ሲያልቅብኝ እደውላለሁ።»

«በአጥሩ ተጣራ። ስልኩን ለቁም ነገር ያዘው። ግን ተጠቀምበት እንጂ ሣጥን ውስጥ አትቆልፈው፤ አደራህን።»

«በየቀኑ ሰዓት አይበታለሁ። ይበቃል?»

«ይበቃል።»

ሰዉ በልቶ መሄድ ጀመረ። ኤፊም ዳቦውን በብብቱ፣ ስልኩን በኮቱ የደረት ኪስ ይዞ ወደ በሩ አመራ። ጉልበቱ አይታዘዘውም፤ በአንድ እርምጃ ሁለቴ ያርፋል። አግላያ ሳህን እየሰበሰበች ሳለ ከደረቷ ሥር ተነሣባት፤ ያ ደረቅ እንጨት የሚገዘግዝ ሳል። ሳህኑን አስቀመጠች። የጥቁር ሻሿን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችና ጥርሷን ገጠመች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ኤፊም ግቢው ውስጥ ያለው የውኃ ጉድጓድ ዘንድ ደርሷል። ስልኩ ያለበት ኪስ ገና ከቤቱ ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ ስልኩ ከሰማ ጋቭሪልም ይሰማል።

ኤፊም የሆነ ነገር ትዝ ያለው ይመስል ቆሞ ዞረ። በአንድ እጇ አፏን ይዛ ስትመለከተው አየና የጠራችው መሰለው። ሊመለስ አንድ እግሩን አነሣ።

አግላያ ሌላውን እጇን ከፍ አድርጋ፣ ሂድ፣ ሂድ ብላ አወዛወዘችለት። ኤፊም ባርኔጣውን አነሣላትና ጭጋጉ ውስጥ ገባ። እጇ ግን አልወረደም።