መጀመሪያ የሚነገረው

ስልኩ ሲጠራ ውባለም የአንድ አዛውንትን የዓይን ቆብ ገልብጣ በባትሪ እያየች ነበር። ዝም ልትለው አስባ ነበር፤ ደዋዩ ግን አልተዋትም። ጓንቷን አውልቃ ብታነሳው ሙላው ነው። ንፋስ መውጫ ሁለተኛ ደረጃ አብረው ተምረዋል፤ አሁን ወገዳ አስተማሪ ነው።

"የት ደረሳችሁ?" አላት።

"ወዴት?"

"ወገዳ ነዋ። ሰዉ ከጧት ጀምሮ ጤና ጣቢያው ግቢ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ከቆላው ሁሉ ሳይቀር ወጥቷል።"

የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናው ቡድን ወገዳ የሚገባው በኅዳር ጽዮን ማግስት ነው። ዛሬ ደግሞ ገና የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ቀኑን በብሎጓ ላይ የጻፈችው እሷው ራሷ ናት፤ ለሕዝቡ ያነበበውም ሙላው ነው።

"ሙላው፣ የጽዮን ማግስት ብዬ ነው እኮ የጻፍሁት።"

"እሱ መጨረሻው ላይ ነው። መጀመሪያው ላይ ያለው የሚካኤል ማግስት ነው" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እውነቱን ነበር። ውባለም የዓይን ነርስ ናት፤ የቆብ ቀዶ ሕክምናም ሠልጥናለች። ያኔ ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ስለ ዓይን ጤና በአማርኛ ብሎግ መጻፍ ከጀመረች ቆየት ብላለች። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ተወልደው በየከተማው የተበተኑ ወጣቶች ያነቡላታል፣ በፌስቡክ ይቀባበሉላታል። እንደ ሙላው ያሉ አስተማሪዎች ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ስልካቸውን ይዘው ለምእመኑ ያነቡታል። በዚያ አገር ትራኮማ ያልነካው ቤት ጥቂት ነው። በሽታው ሲቆይ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ሴቶቹ በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ይገፋሉ። ቆቡን በትንሽ ቀዶ ሕክምና መመለስ ግን ይቻላል፤ ውባለም የምትጽፈውም ይህንኑ ለማስታወቅ ነው።

አጻጻፏ ግን እንደመጣላት ነበር። ከሥራ ስትመለስ ትቀመጥና ልቧን ከነካው ነገር ትጀምራለች፤ ወሬው ወደ ወሰዳት ትሄዳለች፤ ሲደክማት ታቆማለች። ጽሑፍን አስቀድሞ መልክ መልክ ማስያዝ የቢሮ ሪፖርት ያስመስለዋል ብላ ታምን ነበር። አንባቢዎቿም "እንባ አስነባሽን" እያሉ ሲጽፉላት ደስ ይላታል። የመጨረሻው ጽሑፏ "የሚካኤል ማግስት፣ ወገዳ ጤና ጣቢያ ግቢ ሰው በሰው ሆኗል" ብሎ ነበር የሚጀምረው። ይህ ያምናው ዘመቻ ነው። ፋሻዋ ሲፈታ የልጅ ልጇን ፊት ያየች ሴት አለች። ከዚያ የመንገዱ ነገር፣ ከዚያ የራሷ የልጅነት ትዝታ ይቀጥላል። የዘንድሮው ቀን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ወደ መጨረሻው ተሸጉጧል። ጊዜው ደግሞ የጤፍ አጨዳ ነው። ሙላው አንብቦ ሳይጨርስ ሰዉ ብድግ ብድግ እያለ፣ የሰማውን ይዞ ወደ ማሳው ወረደ።

የዘመቻው አስተባባሪ አቶ ደምሌ ነገሩን ስትነግረው ብዙም አልተቆጣም። ቡድኑ መሣሪያውን ይዞ እስቴ ስለሆነ ዛሬ ወደ ወገዳ ማምጣት እንደማይቻል፣ ሙላው ይቅርታ ብሎ ቢያሰናብታቸው እንደሚበቃ ነገራት። ውባለም ግን አልተዋጠላትም። አዛውንቱን መርምራ ጨረሰች፤ ፈቃድ ጠየቀች፤ ከንፋስ መውጫ ወደ ወገዳ የሚሄድ አይሱዙ አግኝታ ከሹፌሩ ጎን ተሳፈረች። መንገዱ ሲያነጥራቸው እስከሚደርሱ ድረስ የምትለውን በልቧ ስታስተካክል ነበር፤ አንዱም አልጣማት።

ስትደርስ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ቅርብ ያሉት እየተነጫነጩ ተመልሰዋል። ከሩቅ የመጡት በጤና ጣቢያው አጥር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አጥቢያቸውን ይዘው የመጡት መሪጌታ ወልደማርያም መቋሚያቸውን ተደግፈው መካከላቸው ነበሩ። ውባለም ጎንበስ ብላ እጅ ከነሳች በኋላ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ቀኑን ደብቄ ጻፍሁት። አጨዳችሁን አስትቼ በከንቱ አደከምኋችሁ፤ ይቅር በሉኝ።"

አንድ ጎልማሳ ወደ መሬት እያየ፣ ጤፍ ሲረግፍ ይቅርታ እንደማይለቅመው ተናገረ። ሌላው ከንፈሩን መጠጠ። ነጠላቸውን ወደ አንድ ዓይናቸው አጋድመው የተከናነቡ ሴት ግን ወደ ድምፁ ዞሩ። ማንአለሽ ይባላሉ፤ ልጃቸው እየመራች ያመጣቻቸው ናቸው።

"ልጄ፣ የጻፍሽውስ አምሮ ነበር" አሉ። "የዚያችን ሴት ነገር ስሰማ አልቅሻለሁ። ግን ዓይኔን አስሬ ማን ወደ ቤቴ ይመልሰኛል? እሳት ዳር መቀመጥ ይቻለኛል ወይስ አይቻለኝም? ይኸን የሚነግረኝ አጣሁ። የመጣሁት እንዲያው ለቅሶው ገፍቶኝ ነው።"

ለውባለም የዓመታት ምስጋና በአንዴ የረገፈ መሰላት። ልትከራከርም ዳድቷት ነበር፤ እሳቱም ሆነ ፋሻው በሌላ ጽሑፍ ተጽፏል ልትል። ሴትዮዋ ግን ያንን ጽሑፍ ከየት ያመጡታል? ድንጋይ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እማማ፣ ያን ዕለት ሲነበብልዎ ከሁሉ በፊት ምን መስማት ፈልገው ነበር?"

"መቼና የት። ሌላማ ምን አለ? ከዚያ ያማል ወይ የሚለውን።"

ይህን ሲሉ የሌላውም አፍ ተፈታ። አንድ አራሽ ከሕክምናው በኋላ በስንት ጊዜው በሬ እንደሚጠምድ ጠየቀ። አንዲት አራስ ሕፃኗን ይዛ መምጣት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ዳር የተቀመጠ ሽማግሌ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚፈራውን አነሳ፤ ዓይኑን አውጥተው ነው የሚያክሙት ይባላል፣ እውነት ነው ወይ አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ለመልሱ ግን ሁሉም ጆሯቸውን ሰጡ። ውባለም ለእያንዳንዱ መለሰች። ስትመልስም የሚገርም ነገር አስተዋለች፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስትጽፍ ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱም አስቀድሞ መጥቶባት አያውቅም።

ሙላው ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰዳት። ተማሪዎቹ ተበትነው ክፍሉ ባዶ ነበር። ጠመኔ አነሳችና ጥቁር ሰሌዳው ላይ፣ እንደ ልማዷ፣ ልብ ትነካለች ያለቻትን ዓረፍተ ነገር ከላይ ጻፈች። ሙላው አየት አድርጎ፣ "ይህን ከሰዎቹ ማን ጠየቀሽ?" አላት።

አጠፋችው። በቦታው "መቼ፣ የት" ብላ ጻፈች። ሥሩ "ማን ይምጣ"፣ ቀጥሎ "ያማል ወይ"፣ ቀጥሎ "ሲመለሱ"። ዓይን ይወጣል የሚለውን ፍርሃት መጀመሪያ ከታች አደረገችው፤ መልሳ ወደ ላይ አመጣችው። የፈራ ሰው የቀረውን አይሰማምና። የልጅ ልጇን ያየችው ሴት ታሪክም እዚያው ላይ ቦታ አገኘ። ያኔ ለማስለቀስ የተጻፈው አሁን ፍርሃት ለማስለቀቅ ዋለ። የመንገዱ ነገርና የልጅነት ትዝታው የሚገቡበት አልተገኘም፤ ለሌላ ቀን ተወቻቸው።

በአንድ ነገር ተከራከሩ። ሙላው ቀኑ መጨረሻም ላይ ይደገም አለ። ውባለም ድግግሞሽ ጽሑፍ ያበላሻል አለች።

"ለሚያነብ ሰው ልክ ነሽ" አላት። "ለሚሰማ ግን ሌላ ነው። ፈጥኖ የሚሄድ የጽሑፉን ራስ ይሰማል፤ ዘግይቶ የሚመጣ ጅራቱን ይሰማል። ሁለቱም ቀኑን ይዘው ይሂዱ።"

መሪጌታ ወልደማርያም በር ላይ ቆመው ሰሌዳውን ሲያዩ ነበር። "ቅኔም እንዲሁ ነው" አሉ እየገቡ። "ምሥጢሩን ሳይዝ ቤት ለመምታት የሚሮጥ ተማሪ ነበረኝ። ድምፁ ያምር ነበር። ምን ማለትህ ነው ሲሉት ግን አያውቀውም።"

ውባለም ሳቀች፤ ከጧት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች።

መንገዱ ከታወቀ በኋላ መጻፉ ቀላል ሆነላት። ሌላ ጊዜ ሙሉ ምሽት የሚፈጅባት ጽሑፍ ጀንበር ሳትጠልቅ አለቀ። ከመለጠፏ በፊት ግን ቤታቸው ስለራቀ መሪጌታ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሊያሳድሯቸው ወዳስቀመጧቸው ሰዎች ሄዱ፤ ሙላው አነበበላቸው። ንባቡ አጭር ስለነበር ማንም አልተነሳም። ሲያልቅ ውባለም ማንአለሽን የሰሙትን እንዲነግሯት ለመነቻቸው።

"የጽዮን ማግስት፣ እዚሁ ጤና ጣቢያ" አሉ ማንአለሽ። "መሪ ይዤ እመጣለሁ። ዓይኔ አይወጣም፤ ቆቡ ነው የሚታረም። ሲወጉት ትንሽ ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። በማግስቱ ፋሻው ይፈታል። ከጭስ እርቃለሁ።" ትንሽ አሰብ አድርገው ጨመሩ፤ "የጽዮን ማግስት።"

ጽሑፉ በዚያው ተለጠፈ። "እንባ አስነባሽን" ያላት አንባቢ አልነበረም። አንዳንዱም ያለወትሮሽ ደረቅሽ ብሎ ጻፈላት። ቅር ብሏት ነበር፤ ግን አስተማሪዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለየቀበሌያቸው እንዳነበቡት ሲደውሉላት ቅሬታው ለቀቃት።

በጽዮን ማግስት የወገዳ ጤና ጣቢያ ግቢ ሰው በሰው ሆነ። አብዛኛው መሪ ይዞ ነበር የመጣው። ማንአለሽ ከልጃቸው ሌላ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ቀዶ ሕክምናውን ውባለም ራሷ ሠራችላቸው። በማግስቱ ፋሻቸው ሲፈታ ሴትዮዋ አላለቀሱም፤ አላመሰገኑምም። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው በማዶ ያለውን ተረተር አዩና፣ ያ እስካሁን ያልታጨደ ጤፍ የማን እንደሆነ ልጃቸውን ጠየቁ። ልጅቱ እየሳቀች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቡድኑ ዕቃውን ሲጭን ውባለም በረንዳው ላይ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ኔትወርኩ ያለ ወትሮው ደህና ነበር። አቶ ደምሌም ይህ ድል ትኩስ ሳለ ይጻፍ ብሏታል። ቃላቱ ይመጡላት ጀመር፤ አንድ አንቀጽም ወጣት። ከዚያ እጇ ቆመ። ይህን የሚሰማው ማን ነው? የመጣውማ መጥቷል።

ከጽዳት የሚመለሰውን የጤና ጣቢያውን ባልደረባ ከየት ያልመጣ ሰው እንዳለ ጠየቀችው። ከወንዙ ማዶ ካለው ቀበሌ ዝር ያለ ሰው የለም አላት። ለምን እንደሆነ አያውቅም። ሙላውም አያውቅም፤ ነገ ግን የገበያ ቀን ስለሆነ የማዶ ሰዎች እህል ይዘው እንደሚወጡ ነገራት።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ጥሩምባውን ነፋ። ለእሷ የተያዘው ቦታ ከሹፌሩ ጎን ነበር፤ ማታ ንፋስ መውጫ ገብታ በቤቷ ታድራለች። አቶ ደምሌ በመስኮት ብቅ ብሎ ምን እንደምትጠብቅ ጠየቃት።

ውባለም የጻፈችውን አንቀጽ አንድ ጊዜ አነበበችው። ያምራል። አጠፋችውና ኮምፒውተሩን ዘጋች።

"እናንተ ሂዱ" አለችው። "እኔ ነገ ገበያ እውላለሁ። ያልመጡትን ሳልጠይቅ የምጽፈው የለኝም።"