የጋሽ ጀንበሬ ድልድይ

የጋሽ ጀንበሬን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት ሰውዬው በሕይወት እያሉ ነው። ያዘዙኝም ራሳቸው ናቸው።

«ቀብሬ ላይ የሚነበበውን አገር ሁሉ ሰምቶት እኔ ብቻ የምቀርበት ምክንያት ምንድን ነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ይህን ሥራ ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ ከእኔ ከጌቾ በቀር የሚችለው የለም። ከሞጆ እስከ ዶራሌ ወደብ ያለ ሾፌር ስሜን ሲሰማ መሪውን ለቆ ያጨበጭባል። በሃምሳ ሁለት ዓመቴም ገና ጎረምሳ ነው የምመስለው፤ ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ የቡላኦስ ሰፈር ሴቶች ናቸው። የጋሽ ጀንበሬን መኪና ስነዳ ነው የኖርኩት፤ የጀግንነት ዝናቸውን ከጋላፊ ኬላ አሻግሬ አዲስ አበባ ያደረስኩትም እኔው ነኝ። ያውም በነጻ!

ታሪካቸውን የማያውቅ የለም። በሰባው የሱማሌ ጦርነት ጊዜ፣ ከድሬዳዋ ወዲህ ያለች የደረቅ ወንዝ ድልድይ ላይ፣ በአንድ መትረየስ የጠላት ጦር ገትረው ያደሩ፣ ሜዳይ የተሸለሙ ሰው ናቸው። የግራ ጆሯቸው ግማሹ የለም፤ ጥይት ወስዶት ነው። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው ጅቡቲ ገቡ፣ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸከሙ፣ ዛሬ የአሥራ አራት ተሳቢ ጌታ ናቸው። እኔ ሳወራው አርባ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ለሁላችንም እንቆቅልሽ ነበር። የመጀመሪያዋን አሮጌ መኪና ሲገዙ ግማሿን ሙሚን ለሚባል ሱማሌ፣ ወደብ ላይ አብሯቸው ጆንያ ይሸከም ለነበረ ወጣት ሰጡት። ለምን? ዘመድ አይደለ፣ ገንዘብ አላዋጣ። ዛሬም ሽርካቸው ነው። ቀትር ላይ ጫት ሲገባ እጁ ላይ የጫት እስሩን ይዞ ካርቲዬ ሲስ ሰፈር ያለው ቤታቸው ከተፍ ይላል። ምክንያቱን እኔ ብቻ ሰባት ዓይነት አድርጌ አውርቼዋለሁ፤ አንዱም እኔን ራሴን አላጠገበኝም።

ጽሑፌን ልጨርስ ስል ጋሽ ጀንበሬ ለብቻ ጠሩኝ።

«ድልድዩ ላይ ጠላት አልነበረም» አሉኝ።

«እንዴት አልነበረም?»

«ጨለማ ነው። ኮቴ ሰማሁ፣ ተኮስኩ። ሲነጋ ግመል ነው። ሻለቃው ደግሞ ‹ጠላት ተመታ› ብሎ ሪፖርቱን አንድ ጊዜ ልኮታል፤ ሜዳዩ መጣ።»

«ጆሮዎትስ?»

«በቅሎ ናት የነከሰችኝ። ልጅ ሆኜ።»

ጭንቅላቴን ያዝኩ። ስንት አገር ያዞርኩት ጆሮ!

«ወደብ ላይ ከሙሚን ጋር ስንሠራ፣ የአባቱ ግመሎች ድልድይ አጠገብ እንዳለቁና ቤታቸው እንደፈረሰ አጫወተኝ። የትኛው ድልድይ? አልኩት። ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልነግረው እሞክራለሁ፤ አፌ ላይ ሲደርስ ይመለሳል። እሱን ካጣሁ ከማን ጋር ልቀመጥ ነው?»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ነገ እሱ ባለበት አንብበው፣ ግመሎቹንም ጨምረህ። ከከፋው ‹የጌቾ ቅጥፈት ነው› እላለሁ። ዝም ካለ ተናገርኩ ማለት ነው።»

አያችሁልኝ? በዚህ ከተማ ስንት ጠበቃ፣ ስንት ሽማግሌ እያለ፣ ለዚህ ጉዳይ የታጨው የእኔ አፍ ነው!

በማግስቱ ፍራሹ ላይ ተደረደርን። ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከወዲህ ወዲያ ያመላልሰዋል። ሙሚን ግድግዳውን ተደግፎ ቅጠሉን ይመርጣል፤ አማርኛውን ከእኛው ሾፌሮች ስለተማረ ስድቡ ሳይቀር የጠራ ነው። ተነሥቼ ቆምኩና ጀመርኩ። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ምልምል ወታደርነታቸው... ጋሽ ጀንበሬ የሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሕፃን አንገታቸውን አስግገው፣ «ከዚያስ? ወደቅሁ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ድልድዩ ጋ ደረስኩ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ሲነጋ ግን፣ ወገኖቼ፣ መሬቱን ያለበሰው የጠላት ሬሳ አልነበረም። ሦስት መቶ ግመል ነው!»

ሙሚን ቅጠሉን አስቀመጠ።

«አሥራ አንድ» አለ።

«ምን አልክ?»

«አሥራ አንድ ነበሩ። ሦስት መቶ ግመል ቢኖረን ኖሮ አባቴ አንተን ዘበኛ ይቀጥርህ ነበር።»

የጋሽ ጀንበሬ ፊት አመድ መሰለ። ‹ቅጥፈት ነው› ይበሉ ብዬ ጠበቅሁ። እኔው ገባሁበት።

«ሙሚን፣ ይኼ እኮ የእኔ ፈጠራ ነው፣ ለማሳመር...»

«አንተ ዝም በል! አንድ ቀን እውነት ብታወራ ልታበላሸው ነው?» ወደ እሳቸው ዞረ። «እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ፣ ጀንበሬ። እረኛው እኔ ነኝ። ድንጋይ ሥር ተኝቼ አደርኩ። ሲነጋ ባለ ግማሽ ጆሮ ወታደር አየሁ። ወደብ ላይ ሳገኝህ ገና ስምህን ሳትነግረኝ አወቅሁህ።»

«ታውቅ ነበር?» አሉ ጋሽ ጀንበሬ።

«ስለ ግመሎቹ ያጫወትኩህ ለምን ይመስልሃል? ትነግረኛለህ ብዬ ነው! ይኸው ስጠብቅ ሸበትኩ። ዛሬ ደግሞ ይኼን አፍ ላክህብኝ።»

በትሩን አንሥቶ ተነሣ። የጋሽ ጀንበሬ ልጅ መዓዛ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ ስትገባ በሩ ላይ ተገናኙ።

«ጋሽ ሙሚን፣ በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?»

ሙሚን ጫማውን በእግሩ ይፈልግ ጀመር። ያን ጊዜ ጋሽ ጀንበሬ፣ ሁለት ሰው ደግፎ የሚያስነሣቸው ሰውዬ፣ ግድግዳውን ይዘው ብቻቸውን ቆሙ። ይህን አላጋነንኩም፤ መዓዛን ጠይቋት።

«ሙሚን» አሉ። «እኔ ነኝ የተኮስኩት።»

ሙሚን ጀርባውን እንደሰጠ አንዱን ጫማ አጠለቀ።

«ሌላስ?» አለ።

«ሌላ የለም። እኔ ነኝ። ግመሎቻችሁን የፈጀሁት እኔ ነኝ።»

ተመለሰ። ክንዳቸውን ይዞ ቀስ አድርጎ አስቀመጣቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ።

እኔ ግን አላስቻለኝም። ዱላ የሚያሰነዝር ጥያቄ ቢሆንም ጠየቅሁ፦ «ቆይ ሙሚን፣ እሳቸው መሆናቸውን እያወቅህ እንዴት ሽርካ ሆንካቸው?»

ሊሰድበኝ አፉን ከፈተና ተወው።

«ያን ጠዋት ሌሎቹ ወታደሮች ግመሎቹን አይተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ። አልሳቀም። ልጅም ብሆን አየሁት፤ ወላሂ አልሳቀም።»

ጋሽ ጀንበሬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቀና ብለው ሳያዩ፣ «ነገስ... ትመጣለህ?» አሉት።

«ነገ ዶራሌ ሁለት መኪና ይጫናል» አለ ሙሚን። «በዚህ ጉልበትህ አንተ ልታስጭን ነው?»

ከእስሩ መሃል ለስላሳውን ቀንበጥ መረጠና አቀበላቸው።