ከሰማይ ላይ የሚታይ ሰው

ኸርበርት ፔል ዘጠና ዓመት ሲሞላቸው ልጃቸው ጃኔትና ባሏ ክላይቭ ያመጡላቸው ስጦታ ፖስታ ውስጥ የገባ ቲኬት ነበር፤ እንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ ካለ አየር ማረፊያ፣ ስፒትፋየር በሚባለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን፣ ከአብራሪ ኋላ ተቀምጦ የግማሽ ሰዓት በረራ። ያኔ ልጆች የሞቱበት ወንበር ዛሬ በሰዓት እየተሸነሸነ ይቸበቸባል። ሽማግሌው ግን አለቀሱ። በጦርነቱ ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚያን አውሮፕላኖች ሲጠግኑና አብራሪዎቹን ወንበር ላይ ሲያስሩ ኖረው አንድ ቀን እንኳ አልበረሩም። መካኒክን ማን አውሮፕላን ላይ ያሳፍራል?

መብረር የፈለጉት ለሽርሽር አልነበረም። ሌስሊ የሚባል አብራሪ ነበራቸው፤ ገና ሃያ ዓመቱ፣ ቀልደኛ። «ስመለስ መጀመሪያ የማየው አንተን ነው፤ ሣሩ ዳር ተገትረህ» ይላቸው ነበር። ሌስሊ ያልተመለሰ ዕለት ኸርበርት እስኪመሽ እዚያው ቆመው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሰባ ዓመት አንድ ጥያቄ ሲበላቸው ኖሯል። እውነት ከላይ ሰው ይታያል? ወይስ ልጁ ሊያስደስታቸው ብሎ ነው? አሁን ወጥተው በዓይናቸው ሊያዩት ነው።

በቀጠሮው ቀን የድርጅቱ ሠራተኛ ፈገግ ብላ በአደጋ ጊዜ የመውጫውን ደንብ ነገረቻቸው። ተሳፋሪ ፓራሹቱን እንደታጠቀ፣ ማንም ሳይደግፈው፣ ሠላሳ እስኪቆጠር ከመቀመጫው ወጥቶ ክንፉ ላይ መቆም አለበት። ኸርበርት ቀበቶውን በአንድ እጅ ሲፈቱት ሴትዮዋ ራሷ ተገረመች። ጉልበታቸው ግን ከዳቸው። በሦስተኛው ሙከራ ቀኝ እግራቸው ጠርዙ ላይ ተሰንቅሮ ቀረና ሁለት ሰዎች ተሸክመው አወረዷቸው።

«ገንዘቡ አይመለስም» አለች ሴትዮዋ። «ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ግን ይቻላል።»

ጃኔት አባቷን አየች። ክላይቭ አውሮፕላኑን አየ።

«እንዲሁ ከሚባክን…» አለ ክላይቭ። የበረራ ቱታውን ከመቼው እንዳነሳው እንጃለት።

«አባዬ፣ ቅር ይልሃል እንዴ?»

«ምን ቅር ይለኛል» አሉ። ውሸታቸውን ነው።

አማቻቸው ወጥቶ ሲታሰር ከታች ሆነው ያዩ ነበር። «የግራ ትከሻህ ቀበቶ ተጣሟል፣ አቃናው» አሉት። ቀጥለው፣ «ክላይቭ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ስትመለሱ፣ ከማረፋችሁ በፊት ወደ ታች እይልኝ። እኔ ሣሩ ዳር እቆማለሁ። እታይ እንደሆነ ትነግረኛለህ።»

«ይቺማ ምን አላት አባባ።»

ጃኔት ወንበር ዘረጋችላቸው፤ እምቢ አሉ። ነፋሱ ይጋረፍ ነበር። ሽበታቸው ጎልቶ ይታይ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ግማሽ ሰዓቱንም እንደዚያው ቆሙ። አውሮፕላኑ ተመልሶ ሁለት ጊዜ በላያቸው ሲያልፍ ባርኔጣውን እጃቸው እስኪዝል አውለበለቡ።

ክላይቭ ፊቱ ቀልቶ፣ ስልኩን እንደጨበጠ ወረደ። «አባባ፣ ምን ልበልዎት፤ እዚያ ያልነበረ ሰው አይገባውም።»

«አየኸኝ?»

«ምኑን?»

«እኔን። ሣሩ ዳር።»

ክላይቭ ግንባሩን መታ። «ውይ፣ ቪዲዮ ስቀርጽ ረሳሁት። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ እዚያ ላይ ሆኖ ማን መሬት ያያል?»

ኸርበርት ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። «ጥሩ» አሉ። ከዚያ ቅድም እምቢ ያሉት ወንበር ላይ ተቀመጡ።